ጉልበት በሚቆጠርበት ገበያ የአእምሮ ሕመምተኛው ድርሻ

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ስለ አእምሮ ሕመምና መገለል ሲነሣ ምክንያቱ ዘወትር «የግንዛቤ እጥረት» ይባላል። ሰው ሕመሙን ከዛር ወይም ከርግማን ጋር ስለሚያያይዘው ይሸሸዋል፤ ማስተማር ከተቻለ መገለሉ ይቀራል የሚል ነው ሐሳቡ። አባባሉ እውነት አለው፤ ግን ጎዶሎ ነው። በበየዳ፣ በደባርቅና በዳባት ገጠሮች አንድ ቤተሰብ የታመመ ልጁን ከሰው ዓይን ሲሰውር ከመንፈስ ፍርሃት ጎን የኑሮ ስሌትም አለበት።

ስሌቱ ከወንፈል ይጀምራል። ወንፈል ቀን በቀን የሚመለስ የጉልበት ብድር ነው፤ የሚመልሰው ቀን እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ቀስ በቀስ መጠራቱ ይቀራል። እንግዲህ መገለልን ካፒታሊዝም ፈጠረው ማለት አይቻልም። ሆኖም በወንፈልና በደቦ መንደር ሰውየው ቢታመምም የእገሌ ልጅ መሆኑ አይቀርም፤ ሳይሠራም ከጠላው ይደርሰዋል። ደገኛው ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ሲወርድ ግን የሚታወቀው በሠራው ልክ ብቻ ነው። እዚያ እንቅልፍ ያጣ፣ ብቻውን የሚያወራ ሠራተኛ ቢኖር ሒሳቡ ተዘግቶ ይሰናበታል። ሕመሙን የሚረከበው የሰሊጥ እርሻው ሳይሆን ደጋ ላይ ያለው ቤት ነው።

ብድርም እንዲሁ ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ ለገበሬው ሲያበድር የኖረው በአብዛኛው በቡድን ዋስትና ነው። አንዱ ሳይከፍል ቢቀር ሌሎቹ ይጠየቃሉና ጎረቤት ጎረቤቱን ይመዝናል። በቤቱ የአእምሮ ሕመምተኛ እንዳለ የተሰማበት ሰው ጓደኛ ቢያጣ፣ መዛኞቹ ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ለራሳቸው ዕዳ ስለሚሰጉ ነው።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሳያስበው በዚህ ላይ ይጨምርበታል። በአንቀጽ 342 መሠረት ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነ አካባቢ፣ ቤተሰቡ በአእምሮው ሁኔታ የተነሣ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የሚከለክለው ሰው እብደቱ የታወቀ ተደርጎ ይቆጠራል፤ የገባው ውልም ሊፈርስ ይችላል። የሕጉ ዓላማ ሕመምተኛውን ከአታላይ መጠበቅ ነው። መሬት በእኩል ወይም በኪራይ ለመያዝ የመጣ ሰው ግን ከዚህ የሚያነበው ስጋትን ነው። ልጁን በገመድ ያሠረ አባት፣ ገመዱ ራሱ ማስታወቂያ ይሆንበታል።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከፋው በሴፍቲኔት ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት መሥራት የሚችለውን በእርከንና በመንገድ ሥራ ያሰማራል፤ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ወይም በጸና ሕመም መሥራት ለማይችለውና ጧሪ ለሌለው በቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። መልማዩ የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ዓይን የጠፋው፣ እግር የተቆረጠው ሲቀርብ ኮሚቴው አይከራከርም። የአእምሮ ሕመም ግን መጥቶ ይሄዳል፤ ሰውየው ትከሻው ሰፊ፣ ክንዱ ጠንካራ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ሳምንት ሲያርስ የታየ ሰው ዛሬ ከቤት አልወጣ ሲል «ሰነፍ ነው» ይባላል። ከ«እብድ» ይልቅ «ሰነፍ» የሚለው ስም የበለጠ ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ ለእብድ ይታዘንለታል፣ ለሰነፍ ግን ማን ያዝናል?

ስለ ገጠሩ ብዙ የሚነግሩን ጥናቶች የተሠሩት በቡታጅራና በአጎራባቹ ሶዶ ወረዳ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመው የቡታጅራ ጥናት ከ178 የሕመምተኛ ዘመዶች 75 ከመቶው መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው መናገራቸውን መዝግቧል፤ ከመቶ 37ቱ በቤታቸው ሕመምተኛ መኖሩ እንዲደበቅ ይሹ ነበር። በሶዶ ደግሞ ከባድ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለባቸው ቤቶች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በጽኑ የምግብ እጥረት የመጠቃታቸው መጠን ወደ እጥፍ ይጠጋል። መገለልና ድህነት አንዱ ሌላውን እየጎተተ መሄዱን ከዚህ መረዳት ይቻላል። በባሕር ማዶም ሐኪሙ ሪቻርድ ዋርነር የአውሮፓንና የአሜሪካን መዛግብት መርምሮ፣ ሥራ በጠፋበት ዘመን ከስኪዞፍሬንያ የሚያገግመው ሰው ያንሳል ሲል ተከራክሯል።

መፍትሔው ሁሉ ከእጅ የራቀ አይደለም። በሶዶ ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ጋር በሠለጠኑ ሠራተኞች ቤት ለቤት ድጋፍ ያገኙ ሕመምተኞች፣ መድኃኒት ብቻ ካገኙት በተሻለ የዕለት ኑሯቸውን ማከናወን እንደቻሉ በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከበየዳዋ ድልይብዛ ደባርቅ ደርሶ ለመመለስ ግን የመኪና፣ የማደሪያና የአስታማሚው የሥራ ቀን ይወጣል። ጸበል ቦታ ወራት መቀመጥም እንዲሁ ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ያጎድላል፤ ቄሱም ሐኪሙም ይህን ወጪ አይመልሱትም። ስለዚህ የቀበሌ ኮሚቴዎች ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙትን ሲለዩ «ሰውየው ጉልበት አለው ወይ?» ከማለት ይልቅ «ባለፈው ዓመት ስንት ቀን መሥራት ቻለ?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም፤ የሥራ ቀን መዝገቡ እጃቸው ላይ ነው።