ይድረስ ለታርባት ብራና ዳማጮችና ድንጋይ ጠራቢዎች

ይድረስ፣ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ስኮትላንድ፣ በታርባት ባሕረ ገብ መሬት ለኖራችሁ የፒክት ባለሙያዎች።

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል ብዬ እንዳልጀምር፣ ካረፋችሁ ከአሥራ ሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በየስማችሁ እንዳልጠራችሁም ስማችሁን አልተዋችሁልንም። ስለዚህ ሰላምታዬን አሳጥሬ ወደ ጉዳዬ ልግባ። ምስጋና አለብኝና ልክፈል ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስለ እናንተ መጀመሪያ ያነበብኩት ጎረቤቶቻችሁና ጠላቶቻችሁ የጻፉትን ነው። ሮማውያን ፒክት የሚለውን ስም በጽሑፍ ያሰፈሩት በ297 ሲሆን (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተነሣችሁትም በጠላትነት ነው። መነኩሴው ቤዳ በ731 በጨረሰው የታሪክ መጽሐፉ ከእስኩቴስ ምድር በመርከብ እንደመጣችሁ፣ ንግሥና ሲያከራክርም በእናት ወገን የሚወለደውን እንደምታነግሡ ጻፈ። የመርከቡ ተረት ብዙ ዘመን ሲነገር ኖሮ፣ በ2023 የታተመ የዘረመል ጥናት ከዘመናችሁ መቃብሮች የወጡ አጥንቶችን መርምሮ የዚያው ምድር የጥንት ነዋሪዎች ልጆች መሆናችሁን አሳየ። በቤዳ ግን አልፈርድም። እሱ ባይጽፍ ኖሮ፣ የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኤክግፍሪት በ685 ዘምቶባችሁ ከአብዛኛው ሠራዊቱ ጋር በተራሮቻችሁ መካከል ማለቁን በዚያ ዝርዝር ባላወቅን ነበር። ንጉሣችሁ ኔክታንም የፋሲካን ቀን አቆጣጠር እንዲያስረዱትና በድንጋይ ቤተ ክርስቲያን የሚሠሩ ግንበኞች እንዲልኩለት ወደ ኖርዘምብሪያ ገዳም መላኩን የነገረን እሱ ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ሲከራከሩ የሚያመሹ ሊቃውንት ባሉበት አገር ላደገ ሰው ይህ ንጉሥ እንግዳ አይሆንበትም።

ይህ ሁሉ ግን የነገሥታት ወሬ ነው። ቆዳ ስለሚፍቅ ሰው ቤዳ አንድ መስመር አልጻፈም። ስለ እናንተ የነገረን ከሥራችሁ የተረፈው ጥራጊ ነው፤ ምስጋናዬም የሚጀምረው ከጥራጊው ነው።

በታርባት፣ ፖርትማሆማክ በምትባለው የባሕር ዳር መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን እርሻ በ1984 ከአየር ሲያነሡት በቡቃያው ሥር የተቀበረ የአጥር ቦይ ቅርጽ ታየ። ከዚያ ከ1994 እስከ 2007 ድረስ በማርቲን ካርቨር የሚመራ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲቆፍር ገዳማችሁ ወጣ። ከመንገዱ ዳር ካለው የሥራ ቤታችሁ የተገኘው ዕቃ መጀመሪያ ሲያዩት ዋጋ ያለው አይመስልም፦ በረድፍ መሬት ላይ የተተከሉ የከብት እግር አጥንቶች፣ ከባሕር ዳር የተለቀሙ ትንንሽ ጠጠሮች፣ ጨረቃ የመሰለ መፋቂያ ቢላዋ፣ የተቃጠለ የባሕር አረም ቅሪት፣ የውኃ መውረጃ። አንድ ላይ ሲነበቡ ግን የብራና መዳመጫ ናቸው።

ጠጠሮቹ ላይ ትንሽ ልቆይ። እርጥብ ቆዳ ተወጥሮ ሲደርቅ ይሸመቀቃል፤ በምስማር ብትመቱት ከተበሳበት ሊተረተር ይችላል። እናንተ ግን በቆዳው ጠርዝ አንድ ጠጠር ትጠቀልሉና አንገቱን በገመድ ታስሩታላችሁ፤ ገመዱን ደግሞ ከተተከለው አጥንት ላይ ትወጥራላችሁ። ቆዳው በተሸመቀቀ ቁጥር ጠጠሩ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል እንጂ አያመልጥም። የባሕሩ አረም አመድም ጠጉሩን ለማላቀቅና ቆዳውን ለማጽዳት ነው። በአገሬ ያሉ ብራና ዳማጮች ይህን አመድ አይፈልጉም፤ የፍየሉን ቆዳ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ ጠርዙን በስተው በገመድ ከእንጨት መወጠሪያ ጋር ያስሩና በስለት እየፋቁ፣ በድንጋይ እያሹ ያለሰልሱታል። መንገዳችሁ ቢለያይም መድረሻችሁ አንድ ነው፤ ቀለም የሚቀበል፣ ነጭ፣ ገጹ የማይሻክር ብራና። የዚህን ሥራ ሽታ የሚያውቅ ሰው የሥራ ቤታችሁ ለምን ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ እንዳለ ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ከዳመጣችሁት ብራና ይህ የታርባት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቀስ አንድም መጽሐፍ እጃችን ላይ የለም። በ800 ገደማ ገዳሙ ላይ እሳት ወረደበት፤ የሥራ ቤታችሁ ነደደ፣ የተቀረጹት ድንጋዮቻችሁ ተሰባብረው ተጣሉ። ቁፋሮው ያወጣው የድንጋይ ስብርባሪ ከሁለት መቶ በላይ ነው። ጣት የሚቀሰረው በቫይኪንጎች ላይ ነው፤ ጊዜውም ቦታውም ይስማማል። ከቃጠሎው በኋላ ሰው ወደ ቦታው ተመልሶ ሠርቷል፤ የተመለሱት ግን አንጥረኞች ናቸው። ብራና ከዚያ ወዲያ አልተዳመጠም።

መጽሐፉ ቢጠፋም የመጽሐፉ እጅ ድንጋይ ላይ ቀርቷል። ከዚያው ከፖርትማሆማክ የተገኘ ስባሪ ላይ፣ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ለአንድ ሰው መታሰቢያ የቆመ መስቀል መሆኑን የሚናገር የላቲን ጽሑፍ አለ። ፊደሎቹ ድንጋዩ ውስጥ ገብተው የተፈለፈሉ አይደሉም፤ ዙሪያቸው ተጠርቦ ጎልተው ወጥተዋል፤ ቅርጻቸውም የወንጌል መጽሐፍ ፊደል ነው። ብራና ላይ በብዕር መጻፍን የሚያውቅ እጅ ካልመራው ጠራቢ ብቻውን እንዲህ አይሠራም። ጸሐፊና ጠራቢ አንድ ግቢ ውስጥ እየተያዩ እንደሚሠሩ ያየሁት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ሌላም ድንጋይ አላችሁ። ላም ጥጃዋን ስትልስ የቀረጻችሁበት፣ በሬውም አብሯቸው ያለበት። ያን ያህል የጥጃ ቆዳ ስትፍቁ ኖራችሁ፣ የእናቲቱን ምላስ በዚያ ርኅራኄ መቅረጻችሁ እንዴት እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ባለኝ። ለአንድ ወንጌል የስንት ጥጃ ቆዳ እንደሚፈጅ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ኒግ መንደር ልውረድ፤ ከገዳማችሁ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ነው። የኒግ ድንጋይ የተቀረጸው በስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ከመስቀሉ በላይ፣ ሦስት ማዕዘን በሆነው አናቱ ላይ ሁለት ሰዎች መጽሐፍ ይዘው አጎንብሰዋል፤ ከመካከላቸው ከላይ ቁራ እንጀራ ይዞ ይወርዳል፤ ከሥራቸው ሁለት አውሬዎች ተኝተዋል። እኔ ይህን ሥዕል ለማወቅ መግለጫ አላስፈለገኝም። አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ ናቸው። ቁራው ለጳውሊ በየቀኑ ግማሽ እንጀራ ያመጣ እንደነበር፣ እንጦንስ ሊጠይቀው የመጣ ቀን ግን ሙሉውን እንዳመጣ፣ ጳውሊ ሲያርፍም አንበሶች መጥተው መቃብሩን እንደቆፈሩ ስንክሳር ሲነበብ የሰማ ሁሉ ያውቃል፤ እንጦንስ በጥር 22፣ ጳውሊ በየካቲት 2 ይታሰባሉ። ይህ የግብፅ በረሃ ታሪክ ነው። ወደ እኛ በአባይ በኩል ወጥቶ በግዕዝ ተነበበ፤ ወደ እናንተ ደግሞ ጀሮም በላቲን በጻፈው ገድል አማካይነት ባሕሩን ተሻገረ። እናንተና እኛ አንተዋወቅም ነበር፤ የተመገብነው ግን ከአንድ ቁራ አፍ ነው። ለዚህ ምን ብዬ ላመስግናችሁ?

የድንጋዩን ጀርባ ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ዳዊት የአንበሳውን መንጋጋ ሲሰነጥቅ ይታያል፤ ከአጠገቡ ያለው በገና የእኛን አይመስልም፣ ሦስት ማዕዘን ነው። ከእነሱ በላይ ደግሞ ንስርና ያ የማንንም እንስሳ የማይመስል፣ ባለ ረጅም አፍ አውሬያችሁ አሉ። በሌሎች ድንጋዮቻችሁም ጨረቃና የተሰበረ ቀስት፣ ጥንድ ክብ፣ መስተዋትና ማበጠሪያ ደጋግማችሁ ቀርጻችኋል፤ ሊቃውንቱ ስም ነው፣ ማዕረግ ነው እያሉ እስካሁን ይከራከራሉ። መስቀሉን ስትቀበሉ እነዚህን ምልክቶች አልጣላችኋቸውም፤ አንድ ድንጋይ ላይ ዳዊትንና አውሬያችሁን አጎራበታችሁ። አዲስ ሃይማኖት ሲገባ የቀድሞው ሁሉ ይቃጠል የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማሳየው የእናንተን ድንጋይ ነው።

በመጨረሻ ለካድቦሏ እመቤት ቀራጭ። በ800 ገደማ የሒልተን ኦፍ ካድቦልን ድንጋይ ስትቀርጽ፣ ውሾቹ አጋዘኑን እያሳደዱ፣ ጋሻና ጦር የያዙ ፈረሰኞች እየጋለቡ፣ ሁለት ሰዎች መለከት እየነፉ፣ ከሁሉም በላይ ያስቀመጥካት ሴት ናት። ፈረሷ ላይ በጎን ተቀምጣ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራለች፤ ደረቷ ላይ ትልቅ የልብስ ማያያዣ ጌጥ፣ ከአጠገቧ መስተዋትና ማበጠሪያ አለ። ስለ ሴቶቻችሁ ቤዳ በእናት ወገን መንገሥን ብቻ ነግሮን ነበር። አንተ ግን በፈረስ ላይ አስቀምጠህ አሳየኸን።

ስለ ድንጋይህ ዕጣ ሳትሰማ አትቅር። በ1676 አንድ ሰው የመስቀሉን ገጽ ጠርቦ አጠፋና አሌክሳንደር ዱፍ ለተባለ ሰውና ለሦስት ሚስቶቹ የመቃብር ጽሑፍ አደረገበት። የጠረበውን ስብርባሪ ግን እዚያው ጣለው። በ2001 በስፍራው ካለው የጸሎት ቤት ፍርስራሽ አጠገብ ሲቆፈር የድንጋይህ ግርጌ ከተተከለበት ሳይነቃነቅ ተገኘ፤ ከዙሪያውም ያ የተጠረበው መስቀል በሺዎች በሚቆጠር ስባሪ ወጣ። ዋናው ድንጋይ ኤድንብራ፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ነው። የኒግም ድንጋይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተሰብሮ ኖሮ በ1998 አንድ ቁራጩ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ጅረት ተገኝቷል፤ በ2013 ታድሶ ቆሟል። የጓደኞችህን ብራና ቤት ማየት የሚፈልግም ፖርትማሆማክ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ሆኗልና እዚያ ይሂድ።

የዱፍን ጽሑፍ የጠረበው ሰውም እንደ አንተው ጠራቢ ነበር። ድንጋዩን ገልብጦ የሴትየዋን ጎን ስላልነካ ግማሽ ምስጋና ይድረሰው፤ ሌላውን ግማሽ ግን ለእናንተ አስቀርቻለሁ።

አክባሪያችሁ