ከንፈር ላይ ምች፣ ከወገብ በታች ዝምታ

ከንፈሩ የቆሰለ ሰው ቢሮ ሲገባ «ምች መታኝ» ይላል፤ የሰማውም «ዳማከሴ ጨምቀህ በቡና ጠጣ» ብሎት ወደ ሥራው ይመለሳል። ጎኗ ላይ እንደ እሳት የሚፈጅ ሽፍታ የወጣባት «አልማዝ ባለጭራ ነው» ስትል ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት ሊነግራት ይሽቀዳደማል። ሁለቱም የሄርፒስ ዘሮች ናቸው። ያው ዘር ከወገብ በታች ሲወጣ ግን አማርኛችን ድንገት ቃል ያጥረዋል። እኛ የተነሳነው ከዚያ ከጎደለው ቃል ነው።

ማኅበር አይደለንም፤ ማኅተምም ሊቀመንበርም የለንም። ቫይረሱ እንዳለብን የምናውቅ አለን፤ «ሳይሆን አይቀርም» ተብለን ውጤት የምንጠብቅም አለን።

ይህን ስንጽፍ ከሁሉ በፊት በዓይናችን የሚመጣው ያ የሚጠብቀው ሰው ነው። ባለሙያው ቁስሉን አይቶ «ሄርፒስ ይመስላል» ብሎታል። በአገራችን የብልት ቁስል በአብዛኛው የሚታከመው በምልክቱ ነው፤ ላቦራቶሪ ሳይጠበቅ ለቂጥኝም ለሄርፒስም መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። አሠራሩ ቁስሉን ያክማል፣ ለሰውየው ግን ቁርጡን አይነግረውም። ቁርጡ የሚታወቀው ከትኩስ ቁስል በሚወሰድ ናሙና ነው፤ ከደረቀ በኋላ ዕድሉ ያመልጣል። የደም ምርመራም ቢሆን፣ ሰውነት ምልክቱን ደም ውስጥ እስኪያሳይ 12 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ስለሚችል፣ የዛሬ «የለብህም» የመጨረሻ መልስ አይደለም። ስለዚህ «ይመስላል» እንደ ፍርድ አይነገር እንላለን። ባለሙያው አምስት ደቂቃ ጨምሮ ይቀመጥ፤ የሚታወቀውንና ገና ያልታወቀውን ለይቶ ይንገር፤ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይዘዝ።

ለዚያ ለሚጠብቀው ሰው አንድ ቁጥር እንስጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሰዎች 846 ሚሊዮኑ የብልት ሄርፒስ አለባቸው፤ ከአምስቱ ከአንድ በላይ ማለት ነው። አብዛኞቹ እንዳለባቸው አያውቁም።

አሁን ወደ መኝታ ቤት እንግባ፤ ነገሩ የሚከረው እዚያ ነውና። ቁስሉ እንደታየ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አመጣው?» ነው። ሽማግሌ ይጠራል፣ ስልክ ይበረበራል፣ የድሮ ቂም ይወጣል። ቫይረሱ ግን ሽማግሌ ፊት ቆሞ አይመሰክርም። ነርቭ ሥር ተኝቶ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል፤ የዛሬው ቁስል ከሠርጉ በፊት የገባ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ይዞት የመጣውም ሰው ራሱ ላያውቀው ይችላል። ከንፈር ላይ ምች ያልነውም በአፍ በሚደረግ ወሲብ ወደ ታች ይወርዳል (ይህን መጻፍ ነውር የሚመስለው አንባቢ ይታገሠን)። መቼና ከማን እንደመጣ የሚናገር የደም ምርመራ የለም። እንግዲህ በዚህ ቁስል ብቻ ሚስቱን ከቤት የሚያስወጣ፣ ባሏን በዘመድ ፊት የምታዋርድ፣ ምንም ማስረጃ በእጃቸው የለም። ይህን ደጋግመን እንናገራለን፤ እስኪሰለች።

አንዋሽም ደግሞ። ከሥሩ ነቅሎ የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ ክትባትም የለም። የሚያስታግሰው አሲክሎቪር ግን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ፤ የቁስሉን ዕድሜ ያሳጥራል፤ ብዙ ሰው ላይ ማገርሸቱም ዓመት በጨመረ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። በየቀኑ የሚወሰድ ቫላሲክሎቪር ወደ አጋር የመተላለፉን ዕድል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ኮንዶም ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ምልክት በሌለበት ቀንም ሊተላለፍ ስለሚችል፣ ከመተኛት በፊት መናገር የእኛ ግዴታ ነው፤ ዝምታ ይሰበር ብለን ራሳችን ዝም ልንል አንችልም። ነፍሰ ጡርም ለአዋላጇ ትንገር፤ በተለይ በእርግዝናዋ መጨረሻ ገደማ አዲስ ከተያዘች ለሕፃኑ አደጋው ከባድ ነው።

ኤችአይቪ በሹክሹክታ በሚጠራበት ዘመን ቫይረሱ በደማቸው ያለ የመቅድምና የተስፋ ጎህ ማኅበራት አባላት ፊታቸውን ይዘው አደባባይ ወጥተዋል። እነሱ የከፈሉትን ዋጋ ማንም አልጠየቀንም። እኛ የምናዋጣው ስም ነው፦ «የታች ምች» እንበለው። ሐኪሞች ምች ከፀሐይ ጋር ስለሚያያዝ ያሳስታል ይሉን ይሆናል፤ እውነታቸውን ነው። የተሻለ ያለው ያምጣና እንቀይረዋለን፤ እስከዚያው ግን ሰው አፉን ሳይሸፍን የሚጠራው ስም ያስፈልገናል።

የምናልመው ቀን ይህን ይመስላል። ቡና ተፈልቷል። አንዷ ከንፈሯን ቅባት ቀብታ «ምች ነው» ትላለች። አጠገቧ የተቀመጠችው «እኔም ሰሞኑን የታቹ ተነስቶብኝ» ትላለች። ቡና ቀጂዋ ጀበናውን ሳታስቀምጥ «ውይ! ኪኒንሽን ጀመርሽ?» ብላ ትጠይቅና ሁለተኛውን ስኒ ታቀብላታለች።