ቸርኬው አደገ፣ ጎማውስ?

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጃችን ኮሮላውን “አሳምሮ” ከአዲስ አበባ ዋጫ ገባ። 15 ቁጥሩ ቸርኬ ወጥቶ የሚያብረቀርቅ 17 ተተክቷል። ከበን አየን፣ ነካካን፣ አንዋሽም፣ ቀናን። አምስት ሆነን ወደ ቦንጋ ስንነሳ ግን ከኋላ አንድ ነገር ይፍቅ ጀመር። ጎማው በየጉብታው ፓራፋንጎውን እየነካ ነበር።

ለካ የሸጡለት ሰዎች “ይገባል” ብለው 225/55 አር 17 ጎማ አስረውለታል። እውነታቸውን ነው፣ ባዶ መኪና ላይ ገብቷል!

እስቲ ቁጥሩን እንፍታው። የፊተኛው ጎማ 195/65 አር 15 ነበር። 195 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 12.7 ሴንቲ ሜትር ግድም። 15 የቸርኬው ልክ በኢንች። ሁለቱን ጎኖች ከቸርኬው ጋር ደምሩ፤ ጎማው ከአፍ እስከ አፍ 634 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የአዲሱን ብታሰሉት 679 ነው። መኪናዋ 80 ስታሳይ በእውነት 85 አልፋለች፣ አቀበት ላይ ደግሞ ታቃስታለች። ባለሙያዎች ልዩነቱ ከ3 በመቶ አይለፍ ይላሉ፤ የኛው 7 ሆኗል።

ለ17 ቸርኬ የሚስማማው 215/45 ነው፣ ቁመቱ 625 ይመጣል። ተገላገልን? ገና ነን። ከልኩ ቀጥሎ የምትጻፍ ሌላ ቁጥር አለች፣ ማንም የማያያት። 91 ከሆነች አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፤ 87 ከሆነች 545። በአራቱ ጎማ 280 ኪሎ ተቀነሰ ማለት ነው፤ ሁለት ኩንታል ቡና ከነባለቤቱ። በዚያው ልክ 91 የተጻፈበትም ስላለ ስትገዙ እሱን ጠይቁ። (ከ2024 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት እየበዙ ነው። ባትሪያቸው ከባድ ስለሆነ ይቺ ቁጥር ለነሱ የበለጠ ታስፈልጋለች።)

የኛ ጭቅጭቅ ግን ከዚህም ያልፋል። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ስትገቡ፣ ዝናቡ የከፈተው ጉድጓድ ውስጥ ቸርኬውን ከድንጋይ የሚያድነው የጎማው ጎን ብቻ ነው። በ215/45 ያ ጎን ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። ጎማው በድንጋይና በቸርኬ መሃል ይጨፈለቃል፣ ጎኑ ያብጣል፣ ሌላ ቀን ሜዳ ላይ ይፈነዳል። እዚህ አገር ደግሞ የአንድ ሰው መኪና የሰፈሩ ሁሉ መኪና ናት። ሌሊት ምጥ የያዛትን ወደ ቦንጋ የምታደርስ እሷ ናት። ያን ጊዜ የዋጫ ጎሚስታ ጋ ብትሮጡ የባጃጅና የአይሱዙ ጎማ ያሳያችኋል፤ 17 ቁጥር አይጠየቅም።

ስለዚህ በ15ቱ ቆዩ። ማማር ካልቀረ 16 ቸርኬ በ205/55 ይሁን። ቁመቱ 632 ነው፣ ጎኑ 11 ሴንቲ ሜትር አለው፣ 91ም በቀላሉ ይገኝለታል። ለ17 ግን ድምፃችንን አንሰጥም።

ወዳጃችን ተኮራርፎን ከረመና አወለቀው። ጥር ላይ ሰርጉ ነውና ለዕለቱ ብቻ፣ በአስፋልት ላይ ብቻ፣ በ215/45 ፈቅደንለታል። ሙሽሪት እስካሁን አልሰማችም።