ዓይናችን ቢጫ እስኪሆን አንጠብቅ

በዲላም ሆነ በይርጋጨፌ የጉበት ሕመም ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው «የወፍ በሽታ» ነው። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ቤተሰቡም መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ዓይኑ ነጭ የሆነው፣ ምንም ያላመመው ሰው ነው።

ሄፓታይተስ ሲ የሚባለው በቫይረስ የሚመጣ የጉበት ሕመም ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ቫይረሱ ከደም ጋር ገብቶ ሃያና ሠላሳ ዓመት ጉበትን ሲያበላሽ ሰውየው ቡናውን ይለቅማል፣ እንሰቱን ይተክላል፣ ልጁን ይድራል። ሆዱ ውኃ ሲቋጥር ወይም ደም ሲያስመልሰው ወደ ሐኪም ይሄዳል፤ ያኔ ጉበቱ ጠጥሯል፣ አልያም ካንሰር ይዞታል።

በሽታው አብሮ በመብላት፣ በአንድ ሲኒ በመጠጣት አይተላለፍም። ስለዚህ የታመመን ከማዕድ መለየት ግፍ ነው። መፈራት ያለበት በየሰፈሩ የሚወጋው ንጽሕናው ያልታወቀ መርፌ፣ የብዙ ሕፃናት እንጥል የሚቆረጥበት ስለት፣ የዋግምትና የፀጉር ቤት ምላጭ ነው። ኪኒን ለሚበቃው ሕመም «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» ማለታችንም መቅረት አለበት።

ግብፅ ይህን በመራራ መንገድ ተምራለች። ካለፈው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ቢልሃርዚያን ለማጥፋት በተካሄደው ዘመቻ፣ በደንብ ሳይቀቀል ከሰው ወደ ሰው የዞረ መርፌ ቫይረሱን በአገሩ ሁሉ በተነው። ያችው ግብፅ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝብ መርምራለች፤ በጠቅላላውም ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አክማለች። ሄፓታይተስ ሲ ክትባት የለውም፤ ፈውስ ግን አለው። በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ብዙውን ጊዜ በ12 ሳምንት ከ100 ታካሚ ከ95 በላይ ያድናል።

ታዲያ ምርመራው ሆስፒታል በር ላይ ሰው ለምን ይጠብቃል? ቀይ ቡና ሲደርስ ገበሬውም ለቃሚውም በቡና ማጠቢያዎች ይሰበሰባል፤ እጁም ላይ ገንዘብ አለ። የዞናችን ጤና መምሪያና የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያኔ ወደ ማጠቢያዎቹ ይውረዱ። ለፈጣን ምርመራው የጣት ጠብታ ደም ይበቃል። ይህ ምርመራ የቫይረሱን ፀረ እንግዳ አካል አሳየ የተባለም አይደንግጥ፤ ቫይረሱን ሰውነታቸው ራሱ ያጸዳላቸው ሰዎች ስላሉ ሁለተኛ ምርመራ ያስፈልጋል።

አንባቢዬ፣ ደም ተሰጥቶዎት ከሆነ፣ በሠፈር መርፌ ተወግተው ወይም ዋግምት ታግመው ከሆነ፣ በሚቀጥለው የጤና ጣቢያ ጉዞዎ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ በስሙ ጠርተው ይጠይቁ።