መለኪያው የማን ደም ነው?

ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን አንዲት የላቦራቶሪ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሰነበተች። ባለቤቷ ያንድ ክፍል ጓደኛችን፥ የቂርቆስ ሰፈር ልጅ ነው። ካምና ጀምሮ የጉንጩ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ነጭ መስመር አውጥቶ፥ በርበሬ የነካው ወጥ ሁሉ ያቃጥለዋል፤ በእጁ አንጓ ላይም የሚያሳክክ ሽፍታ ወጥቶበታል። እናቱ ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹት። ጎረቤት ደግሞ ጭርት ነው አለ። በመጨረሻ ካዛንቺስ ካለ ካንድ ላቦራቶሪ ገብቶ ደሙን ሰጠ፤ የወሩን የኪስ ገንዘብም አብሮ ሰጠ። ወረቀቷ ሁሉም ደኅና ነው ትላለች። አፉን አስከፍቶ ያየ ሰው ግን አልነበረም!

ከወራት በኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም በባትሪ አይተው፥ ከጉንጩ ጥቂት ሥጋ ወስደው በማይክሮስኮፕ ካስመረመሩ በኋላ የበሽታውን ስም ነገሩት፤ ላይከን ፕላነስ ይባላል። የሰውነት የገዛ ተከላካይ ሕዋሳት የቆዳንና የአፍን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥረው የሚወጉበት፥ ለዓመታት የሚቆይ ብግነት ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም (ከጓደኛችን ጋር ባንድ ብርጭቆ መጠጣት የተዋችሁ ይህችን ደጋግማችሁ አንብቡ)። ሆኖም በአፍ የሚወጣው ከመቶ በሽተኞች ባንዱ ገደማ ላይ ውሎ አድሮ ወደ ካንሰር ስለሚለወጥ፥ እየተመላለሱ መታየት ያስፈልጋል። ደኅና ነህ ብላ የምታሰናብት ወረቀት ጉዳቷ እዚህ ላይ ነው።

ደም መመርመር ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በልዩ ልዩ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የዚህን በሽታ ምልክት በደም ውስጥ ሲፈልጉ አያሌ ዓመታት ሆኗቸዋል። ሲአርፒን ለክተዋል፤ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውንም ለክተዋል። ከሁሉ ርካሹ የኒውትሮፊልን ቁጥር በሊምፎሳይት ቁጥር ማካፈል ነው፤ ሁለቱም ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸውና ተራ የደም ቆጠራ ካለ ሒሳቡን የአንደኛ ደረጃ ልጅ ይሠራዋል። ከነዚህ አንዳቸውም እስከ ዛሬ የሐኪምን ዓይንና የሥጋ ናሙናን አልተኩም። ነገር ግን ርካሽ ነገር እንደኛ ያለውን አገር ያስጎመጃል፤ ነገ ካዛንቺስ መድረሱ አይቀርም።

እኛን የሚያሳስበን መለኪያው ነው። ብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን የኒውትሮፊላቸው ቁጥር የአውሮፓ መጽሐፍ ከሚያዘው ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የአፍሪካ ትውልድ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ለዚህ ምክንያቱ ደፊ በሚባለው የደም ዓይነት ዘረ መል ላይ ያለ ለውጥ መሆኑን አሳይቷል፤ ይኸው ለውጥ ከቫይቫክስ ወባም ይጠብቃል። ባገራችን ለውጡ ያለበትም የሌለበትም ባንድ ማዕድ ይበላሉ። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል ሁለት ተማሪዎች እንውሰድ። የሁለቱም ሊምፎሳይት 2,000 ነው፤ የአንደኛው ኒውትሮፊል በጤናው 4,000፥ የሁለተኛው 1,600 ነው። ሲካፈል ለአንደኛው 2፥ ለሁለተኛው 0.8 ይደርሳል። ሁለተኛው ታሞ ኒውትሮፊሉ እጥፍ ቢሆን እንኳ 1.6 ነው፤ ካልታመመው ጓደኛው ያነሰ! በተውሶ መለኪያ ይህ ልጅ ሁልጊዜ ደኅና ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት፥ ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን የሲዲ4 ሕዋሳቸው ከሆላንዶች ያነሰ መሆኑን ገልጸዋል። በ2003 እዚሁ ቂርቆስ በዘውዲቱ ሆስፒታል የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ሲጀመር፥ መድኃኒቱን ማን ይጀምር ከሚያሰኙት ነገሮች አንዱ ያው ቁጥር ነበር። ደማችንን ቀድሞ የቆጠረልን ባይኖር ኖሮ ያን ቁጥር በምን እንመዝነው ነበር?

ስለዚህ ማኅበራችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ከሕክምና ፋኩልቲ ጋር ተነጋግሮ፥ ፈቃደኛ የሆንን ተማሪዎች ክንዳችንን ሰጥተን የጤነኛ ደም ቁጥራችን ይመዝገብ፤ በዚያው ቀን አፋችንም ይታይ። የሕክምና ተማሪዎች ለዓይናቸው ትምህርት ይሆናቸዋል፤ መጽሐፋቸው ሽፍታውን ሐምራዊ አድርጎ የሣለው በነጭ ቆዳ ላይ ነውና፥ በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ብሎ ወይም ግራጫ መስሎ ሲመጣ ማን ይለየዋል?

ጓደኛችን አፉን ለመክፈት ተስማምቷል። ደሙን ግን በዚህ ጊዜ የሚሰጠው በነፃ ከሆነ ብቻ ነው ይላል።