የደጅ ጠባቂው ድምፅ ይጕላ፤ ጆሮው ግን ይወሰን

ቤትን ከሌባና ከቀማኛ መጠበቅ ለማናቸውም ባለቤት የተገባ ሥራ ነው። ቀድሞ ይህን የሚፈጽሙት አጥርና ውሻ፥ ዘበኛም ነበሩ፤ ዛሬ ግን በየከተማው የብዙ ሰው ደጅ የሚጠበቀው ሥዕል በሚያነሣ፥ ድምፅም ተቀብሎ ድምፅ በሚመልስ ካሜራ ነው። ባለቤቱ «ማነው?» ለማለት ከመኝታው መነሣት ቀርቶለት፥ በሩቅ አገር ሳለ እንኳ በእጅ ስልኩ ከእንግዳው ጋራ ይነጋገራል።

የዚህ ብልኀት መነሻው ችግር ነው። በኒውዮርክ ከተማ በኲዊንስ ሰፈር የምትኖር ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን የምትባል ነርስ ሌሊት ብቻዋን ስትሆን ትሰጋ ነበርና፥ ከባሏ ከአልበርት ብራውን ጋራ ሆና አንድ መሣሪያ አሰበች፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1966 ዓ.ም. አመልክተው፥ በ1969 ዓ.ም. ቍጥሩ 3,482,037 የሆነ የፈጠራ መብት ተሰጣቸው። መሣሪያው በበሩ ቀዳዳ የሚያይ ካሜራ፥ ከውጭ ካለው ሰው ጋራ የሚያነጋግር ማይክሮፎን፥ በሩንም ከሩቅ የሚከፍት መዝጊያ ነበረው። እንግዲህ መነጋገሩ ከመጀመሪያው የመሣሪያው ክፍል ነበረ እንጂ ኋላ የተጨመረ ጌጥ አይደለም።

ዳሩ ግን በዛሬዎቹ ካሜራዎች ውስጥ ያለው የድምፅ ማውጫ እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ፥ መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ወይም በሰፊ ግቢ የባለቤቱ ቃል ሳይሰማ ይቀራል። ድምፅ በገላጣ ስፍራ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቍጥር ኀይሉ ወደ አራተኛ እጅ ይወርዳልና፥ በ2 ሜትር በደኅና የሚሰማው ቃል በ8 ሜትር ሲደርስ የቀረው ኀይል ዐሥራ ስድስተኛ እጅ ብቻ ነው። ሌባው ያልሰማው ማስጠንቀቂያም ካልተነገረ አይሻልም። መድኀኒቱ የታወቀ ነው፤ ድምፅ የሚወጣበት የሽቦ መሰኪያ ያለው ካሜራ እንደ ሆነ፥ ከእርሱ ወደ ማጉያ፥ ከማጉያውም ዝናብ ወደማይጐዳው የጥሩምባ ቅርጽ ወዳለው የድምፅ ማውጫ ማገናኘት ነው። ከካሜራው የሚወጣው ኀይል ደካማ ነውና ያለ ማጉያ ጥሩምባው አይናገርም። ጥሩምባውም ከማይክሮፎኑ ርቆ ካልተተከለ፥ የባለቤቱ ቃል ተመልሶ በራሱ ስልክ ይሰማዋል፤ ሲደጋገምም ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሆናል።

እስከዚህ ያለው የእጅ ሥራ ነው፤ ይልቁንም ሊታሰብበት የሚገባው ከዚህ የሚከተለው ነው። ማጉላት ኹለት ወገን አለው፤ አንዱ አፍን፥ ኹለተኛው ጆሮን ማጉላት ነው። አፍ ሲጐላ ኹሉ ይሰማዋል፤ ቢያውክም ተናጋሪው ይታወቃልና ይወቀሳል። ጆሮ ሲጐላ ግን የተሰማበት ሰው እንደ ተሰማ እንኳ አያውቅም።

ይህም በፍርድ ቤት ታይቷል። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ከተማ አንዲት ሴት ጐረቤቷ በተከላቸው ካሜራዎች ምክንያት ከሰሰችው፤ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. ዳኛዪቱ ስትፈርድ፥ መሣሪያዎቹ ከ40 እስከ 68 ጫማ፥ ማለት ከ12 እስከ 20 ሜትር ያህል ርቀት ድምፅ እንደሚሰበስቡ፥ ይህም ሥዕል ከሚያነሡበት ይልቅ እጅግ የራቀ መሆኑን ገልጣ፥ ወንጀልን ለመከላከል ከዚህ ያነሰ ይበቃ ነበር አለች። ስለዚህ ቤትን መጠበቅ ቢፈቀድም የጐረቤትን ጭውውት መልቀም አልተፈቀደም።

አንዳንዶች «ክፉ የማይናገር ምን ያስፈራዋል?» ይላሉ። ነገር ግን ባልና ሚስት በጓሯቸው የሚመካከሩት፥ ነፍስ አባትም ከንስሐ ልጁ ጋራ በአጥር ሥር የሚነጋገረው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም የሚሰወረው፤ ለሌላ ጆሮ ስላልተነገረ ነው። በኢትዮጵያም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የሰውን ግላዊ ኑሮና መኖሪያ ቤቱን እንዳይደፈር አስከብሯል።

እንግዲህ ባለቤት ድምፅ ማውጫውን ከደጁ እስከ ቆመው ሰው እንዲደርስ ያጕላ፤ ሌሊት ሰፈሩን እስኪቀሰቅስ ግን አያድርሰው። ማይክሮፎኑን በደጁ ልክ ይቀንሰው፤ ሲነጋገር ብቻ ይክፈተው እንጂ ቀን ከሌት ድምፅ አያስቀዳው፤ ደጁ የሚሰማ መሆኑንም በጽሑፍ ያስታውቅ። ሹማምንትም በመሥሪያ ቤታቸው በር ይህንኑ ቢያደርጉ ለሕዝቡ ምሳሌ ይሆናሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፥ አንድ ጊዜ የተቀዳ ቃል ወዴት እንደሚሄድ የቀዳውም አያውቀውም።

ከኹሉ በላይ ይህ ይታሰብ፤ ሌባ ሰብሮ በገባ ሌሊት ካሜራው ያያል፥ ጥሩምባውም ይጮኻል፤ ዱላ ይዞ የሚደርሰው ግን ጐረቤት ነው። ጭውውቱን ሲሰርቁት የኖረ ጐረቤት ጩኸቱን ሰምቶ ላይወጣ ይችላል።