ጎብዬ የአቃቂን ዕጣ ትጠብቅ?

ጎበዝ! ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቆሻሻ ውሃ ነው። አፍንጫችሁን ከመያዛችሁ በፊት አንዴ ታገሡኝ።

ከወልድያ ወደ ቆቦ ሲኬድ፣ አለውሃን አልፎ ሮቢት ሳይደረስ ጎብዬ የምትባል የመንገድ ዳር ከተማ አለች። ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ሰንብቼ ነበር። አንድ ማለዳ ከአጎቴ ጋር ወደ ደረቀው ወንዝ ወረድን። አሸዋ፣ ፌስታል፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የሽንት ቤት ሽታ። «አያ፣ ይሄ ሁሉ የት ይሄዳል?» አልኳቸው። «ክረምት ይወስደዋል ልጄ» አሉኝ።

ለመሆኑ ክረምት ወዴት ነው የሚወስደው? የራያ ጎርፍ ከተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ከፊሉ በአሸዋና በጠጠሩ ሰርጎ ይገባል፤ የቀረው ወደ አፋር ይወርዳል። ያ የሰረገው ውሃ ነው ተመልሶ ከጉድጓድ የሚቀዳው። የቆቦ–ጊራና መስኖ የሚስበውም እሱኑ ነው። ወንዛችንን ስናቆሽሽ እንስራችንን እያቆሸሽን ነው ማለት ነው።

ሟርተኛ ሆኜ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እንማር ብዬ ነው። የአቃቂ ወንዞች የከተማዋን ጉድ ተሸክመው አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም አዋሽ ይገባሉ። በዚያ ጥቁር ውሃ የለማውን ጎመን ከተሜው መልሶ ሲበላው ስንት ዘመን አለፈ! በደርግ ዘመን የተሠራው የቃሊቲ ማጣሪያ በቀን የሚችለው 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ ነበር። 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራው አዲሱ ጣቢያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማስዋብ 29 ቢሊዮን ብር ያስፈልጋል ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ማጣሪያ ደግሞ የሚያጣራው ቧንቧ ያመጣለትን ብቻ ነው፤ ቧንቧ ያልደረሰው ቤት ፍሳሽ ዛሬም የወንዙን መንገድ አይስትም።

«ሰው ሰላም አጥቶ አንተ ስለ ሽንት ቤት ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ራያ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. የጦርነት አውድማ ሆናለች፤ ከዚያም ወዲህ እፎይ አላለችም። ግን ተቅማጥ ተኩስ አቁም አይፈርምም!

ለጎብዬ ቃሊቲን የሚያክል ጣቢያ ይሠራላት አላልኩም። ሽንት ቤት ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ይራቅ። የጋራዥ ዘይት በበርሜል ይጠራቀም እንጂ አሸዋ ላይ አይደፋ። ከከተማው ወጣ ያለ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ ቤት ሳይሠራበት ዛሬውኑ ለፍሳሽ ማጣሪያ ኩሬ ይከለል። ቃሊቲም የጀመረው በኩሬ ነው። ፍሳሹ ደረጃ በደረጃ ከኩሬ ወደ ኩሬ ሲያልፍ ፀሐይና ደቂቅ ሕዋሳት ያጸዱታል፤ ቆላው ደግሞ ፀሐይ አላጣም። ሥራው ማሽን አያሻውም፤ መሬትና የሚጠብቀው ሰው ይበቃዋል። ነገ ቦታው በቤት ከተሞላ በኋላ ግን ካሳና ማፍረስ ይመጣል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕ አካባቢ የሰው ሁሉ መብት ነው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ከወጣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ? ስብሰባና አበሉስ ስንት ጊዜ ነበር? ሹማምንቱ እስቲ ከአዳራሽ ወጥተው አጎቴ ካሳዩኝ አሸዋ ላይ ይቁሙ። ከዚያ ብርጭቆ ውሃ ይቀዳላቸው፤ ይጠጡት እንደሆነ እንይ!